ስቶኪንግ የማይሸፍነው ጉዳይ

የዛሬው ደብዳቤ ከጳውሎስ ሠፈር ነው። ጸሐፊዋ የ22 ዓመት ወጣት ናት። አዲስ ጫማ ተረከዟን ላጠው፤ ቁስሉ አመረቀዘና እግሯ ቀልቶ አበጠ። ጓደኛዋ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ሰጠቻት፣ ዋጠች። ከሳምንት በኋላ ግን ቅልጥሟ ላይ ወይን ጠጅ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ወጡ። «እናቴ ምች ነው ትላለች። እጮኛዬ እንዳያይብኝ ስቶኪንግ አላወልቅም። ይተላለፋል ብሎ ቢሸሸኝስ?» ትላለች።

እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ከእጮኛሽ ይልቅ ያስደነገጠኝ የጓደኛሽ ካፕሱል ነው!

መጀመሪያ ቁስሉ። ከሠፈርሽ አጠገብ «ፓስተር» የሚባለውን ቦታ ታውቂዋለሽ። ስሙ የፈረንሳዊው የሉዊ ፓስተር ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1879 የብጉንጅ መግል ሲመረምር ተሕዋስያን አገኘበት። ዛሬ ስታፊሎኮከስ ይባላሉ። እነሱና ስትሬፕቶኮከስ የተባሉት ቆዳ ሲላጥ በር ተከፈተልን ብለው ይገባሉ። መግሉ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ቁስሉን ሸፍኚው፤ አታፍርጪው፤ ፎጣና ምላጭም አትጋሪ።

ነጠብጣቡ ግን ሌላ ነው። ንጹሕ ብርጭቆ ላዩ ላይ ጫን አድርጊበት። ቀለሙ ካልጠፋ ደም ከቀጫጭን ሥሮች አምልጦ ቆዳሽ ውስጥ ፈሷል ማለት ነው። አንዱ ምክንያት የነዚያ ሥሮች መቆጣት ነው፤ የሰውነትሽ መከላከያ ጠላት መስሎት የራስሽን የደም ሥር ሲያጠቃ ይመጣል። ይህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጀርሙ ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ የዋጥሽው መድኃኒትም እንዲሁ። ስለዚህ የጓደኛሽን ካፕሱል አትድገሚ፤ ማሸጊያውን ይዘሽ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ካስፈለገ ጳውሎስ ሆስፒታል ይልኩሻል። ሽንትሽንም ይመርመሩልሽ፤ መቆጣቱ ኩላሊት ሊነካ ይችላል፣ ኩላሊት ደግሞ ቶሎ አይጮህም።

ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና የአንገት መገተር ከነጠብጣቡ ጋር ከመጡ ግን ወረፋ የለም፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በዚያችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል!

እጮኛሽንስ? ስቶኪንጉን አውልቂና አሳዪው። ከዚያ ሐኪም ዘንድ አብሮሽ ይሂድ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ፍቅሩን እዚያው ትለኪዋለሽ።