የስኳር ሕመም ትምህርት የገበሬውን የሥራ ቀን ይወቅ

የስኳር ሕመም የከተማና የባለጸጋ ሰው በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብ በገጠር ገና አልጠፋም። ይሁን እንጂ በጎንደርና በጅማ አካባቢ የሚሠሩ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት እንዳረጋገጡት፣ በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጉ በሕይወት ሊቆዩ ከማይችሉት ሕሙማን መካከል ሰውነታቸው የከሳ ወጣት ገበሬዎች ጥቂት አይደሉም። ኢንሱሊን ለሰው መሰጠት ከጀመረ፣ ይኸውም ከ1922 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መድኃኒቱ እያለ በዕውቀት ማነስ ሰው ሊሞት አይገባም።

ማዳበሪያ አድሎ አጠቃቀሙን አለማስተማር የሚያስከትለውን ጉዳት የገበሬ ማኅበር መሪዎች ያውቁታል። ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው። መርፌውን ተወግቶ፣ ሳይበላ በሬ ጠምዶ የዋለ ሰው ስኳሩ ከመጠን በታች ይወርዳል፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅም ይችላል። ራሱን ሳይስት ስኳር ወይም ማር ቢሰጡት ይመለሳል። ይህን ያልተማረ ጎረቤት ግን «ሰክሯል» ብሎ ያልፈዋል። እግሩ የደነዘዘበትም ሕመምተኛ እሾህ ሲወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉ ከፍቶ እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ማታ ማታ እግርን አጥቦ መመልከት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊንን በሸክላ ዕቃና በእርጥብ አሸዋ ከሙቀት መጠበቅም የሚቻል ነገር ነው። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ትምህርት ይህንኑ የመሰለ ነው።

ታዲያ ሕመምተኛው ከትምህርቱ ስለ ምን ይቀራል? ስንፍና ነው ማለት ስሕተት ነው። በዘር ወይም በአጨዳ ወቅት የተጠራ ስብሰባ፣ ስለ ማሳ ሠርቶ ማሳያም ቢሆን፣ ሰው አያገኝም። መንገዱ ሩቅ ነው። ሕመሙ እንዳይታወቅበት የሚደብቅም አለ፤ ጠበል ጀመርሁ ብሎ መርፌውን የሚያቋርጥም አለ። ይህ የመጨረሻው በቀናት ውስጥ ለሞት ያደርሳል።

ስለዚህ መሪዎች ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግረው ቀኑን ይወስኑ። ጤና ጣቢያው ገበያው ካለበት ከተማ ከሆነ የገበያ ቀን ይመረጥ። አለዚያም እንደ ሚካኤልና እንደ ማርያም ያሉ ገበሬው ሞፈር የማያነሣባቸው ቀኖች አሉ፤ ሙስሊሞች በሚበዙበት አካባቢ የዓርብ ሶላት ሰዓት ይጠበቅ። መድኃኒት የሚታደልበትና ትምህርቱ የሚሰጥበት ቀን አንድ ከሆነ ሁለት መንገድ ይቀራል። የእርሻ ሥራ ለሚጫነው ሕመምተኛ ጎረቤት በወንፈል ይተካለት። ምግቡን የምታዘጋጀው ሚስት ወይም እናት አብራ ትምጣ፤ ያለ እርሷ የምግብ ትምህርት ከደጅ አያልፍም። የሕመምተኛው ስም ግን በስብሰባ ላይ አይጠራ። የቀረውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ሄዳ ለምን እንደቀረ ትጠይቀው፤ ወቀሳና ቅጣት አይጨመርበት።

ለዘርና ለአዝመራ ቀን የሚቆርጥ ማኅበር ለአባሉ ሕይወትም ቀን መቁረጥ አያቅተውም። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ጉዳይ በአጀንዳ ይያዝ።