ልጅ ራሱ የሚሞላው ሳጥን

ማታ ሳሎኑ በመጫወቻ ሲሞላ የምትለቅመው ብዙውን ጊዜ እናት ናት። ልጅ ግን የዕቃውን ቦታ ካወቀ ራሱ መመለስ ይችላል። በሱፐርማርኬት የልጆች ብስኩት ዝቅ ብሎ የሚደረደረው ዓይናቸው ያረፈበትን ስለሚያነሱ ነው፤ ቤትም ያንኑ ዘዴ ተጠቀሙ። የዚህ ወር ሥራችን ወለል ላይ የሚቀመጥ የጨርቅ ሳጥን ነው።

• የአሮጌ፣ ሰፊ ጂንስ ሱሪ እግሮችን ተርትራችሁ ሁለት፣ ለገበር ከአቡጀዲ ሁለት፣ 40 በ32 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ከእያንዳንዱ ሁለት የታች ማዕዘን 10 በ10 ሴንቲ ሜትር አውጡ።

• ጂንሱን ከጂንስ፣ ገበሩን ከገበር ፊት ለፊት ገጥማችሁ፣ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ጎኖቹንና ታቹን ስፉ። ገበሩ ታች ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ።

• በተቆረጡት ማዕዘኖች የጎኑን ስፌት ከታቹ ስፌት ጋር ገጥማችሁ ስፉ።

• ጂንሱን ገልብጣችሁ ገበሩ ውስጥ ክተቱ፤ አፉን ዙሪያውን ስፉ። በክፍተቱ ገልብጡት፣ ክፍተቱን ዝጉ፣ ገበሩን ወደ ውስጥ መልሱ።

መቀመጫው 18 በ20፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መኪና ከሌላችሁ ቆርጣችሁ ለሰፈር ልብስ ሰፊ ስጡ።

ለአንድ ዓይነት ዕቃ አንድ ሳጥን ይበቃል። ማንበብ ላልጀመረ ልጅ የዕቃውን ሥዕል አያይዙበት። ከዚያ አትልቀሙለት፤ «መኪናህን ቤቷ አስገባት» በሉት።