የላሙ ወደብና የነባሩ ሕዝብ መብት

መንገድ፣ ግድብ፣ የባቡር ሐዲድና ወደብ ለአገር ዕድገት መሠረት መሆናቸው አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ሥራው በሚካሄድበት ስፍራ ለዘመናት የኖረው ሕዝብ ጥቅሙና ቅርሱ አስቀድሞ ካልታሰበበት፣ ልማቱ ለአንዱ ሲሳይ፣ ለሌላው ዕዳ ይሆናል። በሰሜን ኬንያ የባሕር ጠረፍ በምትገኘው በላሙ የደረሰው ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

ጉዳዩ ከአገራችን የራቀ አይደለም። የላሙ ወደብ ኬንያን፣ ኢትዮጵያንና ደቡብ ሱዳንን በመንገድ፣ በባቡርና በነዳጅ ቧንቧ ለማገናኘት የታቀደው ሰፊ ፕሮጀክት አንድ ክፍል ነው። ወደ እኛ የሚመጣው መስመር በኢሲዮሎ በኩል ሞያሌ ይደርሳል። የፕሮጀክቱ ሥራ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 የሦስቱ አገሮች መሪዎች በተገኙበት በይፋ ተጀመረ። በዕቅዱ መሠረት ወደቡ 32 የመርከብ ማቆሚያዎች ይኖሩታል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ተመረቀ።

ላሙ ባዶ ጠረፍ አልነበረችም። ከ700 ዓመታት በላይ ሕዝብ ሳይለያት የኖረች የስዋሂሊ ከተማ ስትሆን፣ ቤቶቿ ከባሕር በሚወጣ የኮራል ድንጋይና በጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅለው የማንግሮቭ እንጨት የተሠሩ ናቸው። በጠባብ መንገዶቿ ዕቃ የሚመላለሰው በአህያ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 አሮጌውን ከተማ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሆኖም የከተማው ቅርስ ግንቡ ብቻ አይደለም። ጀልባ መሥራቱ፣ ዓሣ ማጥመዱና ማንግሮቩን መጠቀሙ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ኑሮ ነው። ኑሮው ከጠፋ ግንቡ ብቻውን ቢቆም ምን ይፈይዳል?

ወደቡ የተሠራው ከአሮጌው ከተማ በስተሰሜን፣ በማንዳ የባሕር ሰርጥ ነው። ታላላቅ መርከቦች እንዲገቡ የባሕሩ ወለል በመሣሪያ ተቆፍሮ ጠለቀ። ቁፋሮው ውሃውን ያደፈርሳል፤ ደለሉም ዓሣ የሚራባበትን ኮራልና የባሕር ሣር ይሸፍናል። የማንግሮቭ ዛፍ ሲቆረጥ ደግሞ የዓሣ ጫጩት መጠጊያ ያጣል። የላሙ ዓሣ አጥማጅ ያለው ትንሽ ጀልባና መረብ በመሆኑ፣ የቅርቡ ውሃ ሲበላሽበት ወደ ጥልቁ ባሕር ሊወጣ አይችልም።

ነዋሪዎቹ ግን ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 ለፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በሰጠው ውሳኔ፣ ሕዝቡ በቂ መረጃ እንዳላገኘና በሚገባ እንዳልተመከረ፣ በንጹሕ አካባቢ የመኖርና ባህሉን የመጠበቅ መብቱም እንደተጣሰ አረጋገጠ። ወደ 4,600 ለሚሆኑ ዓሣ አጥማጆችም 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ ካሣ ወሰነ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ በላሙ ሊሠራ ታቅዶ ለነበረው የድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጫ የተሰጠው የአካባቢ ፈቃድ፣ ሴቭ ላሙ የተባለው የነዋሪዎች ኅብረትና ሌሎች ባቀረቡት ክርክር ተሰረዘ። ዋናው ምክንያት አሁንም የሕዝቡ ምክክር መጓደሉ ነበር።

በሁለቱ ጉዳዮች መካከል ያለው ልዩነት በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። የከሰሉ ጣቢያ የታገደው ሳይገነባ በመሆኑ ሕዝቡ ከጉዳቱ ዳነ። በወደቡ ጉዳይ ግን ውሳኔው የመጣው ሥራው ከተጀመረ ከ6 ዓመታት በኋላ ነው። የተቆፈረ ባሕር በገንዘብ አይደፈንም። ካሣ የጠፋውን ይተምናል እንጂ አይመልሰውም።

ሌላም ቁም ነገር አለ። ለባሕሩ የባለቤትነት ደብተር ያለው ዓሣ አጥማጅ የለም፤ ነገር ግን የሚኖረው በባሕሩ ነው። በእኛም ገጠር የግጦሽ መሬቱ፣ ምንጩ፣ የከብት መተላለፊያውና የመቃብር ቦታው በማንም ስም ያልተጻፈ ሊሆን ይችላል። መንገድ ወይም ግድብ ሲመጣ ቀያሹ የሚቆጥረው በአብዛኛው ቤትንና የእርሻ ማሳን ነው። ያልተመዘገበው ሳይቆጠር ያልፋል።

በመሆኑም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ቀያሹ ከመምጣቱ በፊት ሊያከናውኑት የሚገባ ተግባር አለ። የወል ይዞታውን፣ የውሃ ቦታውን፣ የእምነት ስፍራውንና ነባር ቅርሱን፣ ማን እንደሚጠቀምበት ጭምር በሽማግሌዎች ምስክርነት በመዝገብ ማስፈር፤ ሴቶችና መሬት አልባ ወጣቶች በሚገኙበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝ፤ የፕሮጀክቱን የአካባቢ ጥናትም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ እንዲነበብለት መጠየቅ ነው። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎች አስቀድመው እንዲመከሩ ደንግጓል። ይህን መጠየቅ ልማትን መቃወም አይደለም። የላሙ ዓሣ አጥማጆች የጠየቁት ወደቡ ሲታቀድ እነርሱም በቁጥር እንዲገቡ ነው። የሠለጠነ ልማት ደግሞ ይህን ጥያቄ ሥራው ሳይጀመር ይመልሳል።