ሎሚው ላይ ያለውን ትል ተዉት!

ወላጆች፣ ዛሬ የማናግረው እናንተን ነው። በተለይ የእኛን አካባቢ ሰዎች፣ ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከሲኤምሲ እስከ አያትና አራብሳ ያላችሁትን። ግቢያችሁ ውስጥ ሎሚ ያላችሁ፣ በረንዳ ላይ በባልዲ የተከላችሁም ጭምር። ትል ባያችሁ ቁጥር መርጨት አቁሙ።

ሰሞኑን የሰፈራችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዲት እናት ፎቶ ለጠፈች። ሎሚ ቅጠል ላይ የተኛ አረንጓዴ ትል ነው። "ልጄ ሊነካው ነበር፣ ምን ላድርግ?" ስትል ሁሉም ባንድ አፍ "ማላታይን!" አላት። አንድ ሰው እንኳ "ምንድን ነው?" ብሎ አልጠየቀም። በማግስቱ ተረጨ። እንግዲህ ጉንፋን ሲይዘን ሻይ ላይ የምንጨምቀው ያንኑ ሎሚ ነው።

ትሉ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ያቺ ጥቁር ክንፏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት፣ ትልቋ፣ አበባ ላይ አርፋ እንኳ ክንፏን ማርገብገብ የማትተወዋ ቢራቢሮ ልጅ ነው። እናቱ ለጋ ቅጠል መርጣ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። ትሉ ገና ትንሽ እያለ የወፍ ኩስ ነው የሚመስለው፤ ወፍ እንዳይበላው እኮ ነው! ኋላ ቆዳውን ይቀይርና እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል። ብትነኩት ከጭንቅላቱ ኋላ ሹካ የመሰለ ቀንድ ብቅ ያደርግና ይሸታል። መሣሪያው ይኸው ነው። አይናደፍም፣ አይነክስም። አባ ጨጓሬ ሌላ ነገር ነው፤ ፀጉራሙን ልጅ አይንካ፣ እኔም አልነካም። ግን በአባ ጨጓሬ ጥፋት ይሄኛውን መቅጣት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

"ተባይ ነው" ትሉኛላችሁ። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ተምች ሀገራችን ሲገባ ገበሬው በቆሎው ላይ ቆሞ ትል ቢለቅም ልክ ነበር፤ የልጆቹ እንጀራ ነዋ። እናንተ ግን በአራት ትል ነው አዋጅ የምታውጁት። የደረሰ ሎሚ በአራት ትል አይሞትም። ትንሽ ችግኝ ከሆነ፣ እውነት ነው፣ ይላጨዋል። እሱንም ቢሆን በጣት ማንሳት ነው።

የሚገርመኝ ደግሞ፣ እነዚሁ ወላጆች ልደት ሲያከብሩ የልጃቸው ፊት ላይ ቢራቢሮ ያስላሉ። የፕላስቲክ ክንፍ ገዝተው ጀርባዋ ላይ ያስራሉ። ኬኩም ቢራቢሮ ነው። እውነተኛው ግን ከመስኮቱ ውጪ መርዝ ይረጭበታል።

"ት/ቤት ይማሩታል" የምትሉ ደግሞ አሳቃችሁኝ። የእህቴ ልጅ "ኤግ፣ ላርቫ፣ ፑፓ፣ አደልት" እያለች እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። "ላርቫ ምንድን ነው?" ስላት "ቁጥር ሁለት ላይ ያለው" አለችኝ። ምን ታድርግ፣ አይታው አታውቅ። አማርኛው እጭ ነው፣ ፑፓው ደግሞ ሙሽሬ። ሙሽሬ! ተሸፋፍና የተቀመጠች የምትመስል። ይህን የመሰለ ስም እያለን...

አሜሪካና እንግሊዝ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። እዚያ ትል በፖስታ ይሸጣል፤ ወላጅ ከፍሎ ለልጁ ያስመጣል። ብዙ ጊዜ የሚላክላቸው ፔይንትድ ሌዲ የምትባለዋ ቢራቢሮ ነች። እሷ እኛም ሀገር አለች። ዘሯ ሰሃራን አቋርጦ ከአፍሪካ አውሮፓ ድረስ የሚበር ነው። እነሱ ከፍለው ያሳድጋሉ፣ እኛ ከፍለን እንገድላለን።

ሥራው ደግሞ ይህን ያህል አይደለም። ሰፋ ያለ ማሰሮ ወይም ካርቶን፣ አፉ ላይ የአጎበር ቁራጭ። የሎሚ ቅርንጫፍ ውሃ ባለው ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ቁሙለት፣ ትሉ ገብቶ እንዳይሰምጥ የጠርሙሱን አፍ በጥጥ ድፈኑት። በየቀኑ ኩሱን ማንሳትና ትኩስ ቅጠል መስጠት የልጁ ሥራ ይሁን። በሃይላንድ ጠርሙስ ሃያ ትል አጭቃችሁ ክዳን የምትዘጉ ካላችሁ ግን ባትጀምሩት ይሻላል። ሁለት ይበቃል።

አንድ ቀን መብላት ያቆምና ይቅበዘበዛል። ከዚያ እንጨቱ ላይ ወጥቶ ወገቡን በገዛ ክሩ ያስራል፤ ምሰሶ ላይ በቀበቶ ታስሮ የሚሠራ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነው የሚመስለው። ቆዳውን ጥሎ ሙሽሬ ይሆናል። በእኛ ብርድ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። ሲወጣ ክንፉ ጨማዶ ነው፣ እርጥብ። "ልርዳው" የሚል ልጅ ይኖራል፤ እጁን ያዙት። ከሆዱ ፈሳሽ እየገፋ ክንፉን የሚዘረጋው ራሱ ነው። የተረዳ ቢራቢሮ ክንፉ ተጣሞ ይቀራል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ፀሐይ ሞቅ ሲል ልቀቁት።

አንዳንዱ ደግሞ አይወጣም። ሙሽሬው ይጠቁርና በቢራቢሮ ፈንታ ጥቃቅን ተርቦች ይወጡበታል፤ እናታቸው ቀድማ እንቁላሏን ጥላበት ኖሯል። ያኔ ልጁ ሲተኛ ማሰሮውን ደብቃችሁ "ማታ በረረ" እንዳትሉት። ሰፈር ውስጥ የልቅሶ ድንኳን እያየ ያደገ ልጅ ነው፣ ትል ሞተ ቢባል አይሰበርም። ያልቅስ። ተርቦቹንም ይያቸው፤ እነሱም ልጆች ናቸው።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ "ሎሚ የለንም" እንዳትሉ፣ አንድ ችግኝ በባልዲ በረንዳ ላይ ይበቃል። ስትገዙ ግን መድኃኒት ተረጭቶበት እንደሆነ ሻጩን ጠይቁት። የተረጨ ቅጠል የበላ ትል ይሞትባችኋል፣ ከዚያ "ያንተ ምክር!" እያላችሁ ኢንቦክስ እንዳትመጡብኝ።