ለፕሪንተሩም ቋሚ አድራሻ ይሰጠው



የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሳምንት ሲደርስ ፈረስ መጋላ አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች ጀምሮ እስከ ግቢ ቢሮዎች ድረስ ወረፋው አንድ ዓይነት ነው። ወረፋውን የሚያስረዝመው ሁልጊዜ የወረቀት ወይም የቀለም እጥረት አይደለም። ፕሪንተሩ በርቷል፣ ወረቀትም አለው፤ ኮምፒውተሩ ግን «ኦፍላይን ነው» ይላል። አንዱ ኬብል ይነቅላል፣ ሌላው ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፣ ተማሪው ፍላሹን ይዞ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑም የድራይቨሩም አይደለም። የፕሪንተሩ አድራሻ ተቀይሮ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ብዙ ሰው የሚጋራው ፕሪንተር አድራሻውን ከራውተሩ በራሱ ይውሰድ፤ ራውተሩ ደግሞ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ አድራሻ እንዲሰጠው ይታዘዝ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኔትወርክ ውስጥ የገባ ዕቃ ሁሉ አይፒ የሚባል የቁጥር አድራሻ ያስፈልገዋል። ቀድሞ ይህን ቁጥር ባለሙያ በየማሽኑ እየዞረ በእጁ ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ በ1997 የተሻሻለው ዲኤችሲፒ የተባለው አሠራር ሥራውን ለአንድ ማዕከል ሰጠው። ዛሬ በየቢሮውና በየቤቱ ያንን ሥራ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ነው። ስልካችሁ ዋይፋይ ሲይዝ ቁጥር ይጠይቃል፤ ራውተሩም ካልተያዙት አንዱን ይሰጠዋል። የሚሰጠው ግን ለዘለዓለም አይደለም፤ በጊዜ የተወሰነ ኪራይ ነው። ተከራዩ አብዛኛውን ጊዜ የኪራዩ ግማሽ ሲደርስ እንዲታደስለት ይጠይቃል። ጠፍቶ ቆይቶ ሳያሳድስ ጊዜው ካለፈበት ቁጥሩ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

ለስልክ ይህ ምንም አይጎዳውም፤ ስልክ ሌላውን ይፈልጋል እንጂ አይፈለግም። ፕሪንተር ግን የሚፈለግ ነው። ፈረስ መጋላ ላይ የፈረስ ገበያው ከቀረ ቆይቷል፤ ቦታውና ስሙ ግን ስላልተነቃነቁ ባጃጅ ላይ ወጥቶ «ፈረስ መጋላ» ያለ ሰው ሌላ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይደርሳል። ቦታው በየሳምንቱ ቢቀያየር ግን ማን ያገኘዋል? ኮምፒውተሩም ትናንት በያዘው ቁጥር ፕሪንተሩን ሲፈልግ ዛሬ እዚያ የሚያገኘው የአንድ እንግዳ ስልክ ሊሆን ይችላል። በተለይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም ዕቃ በአንድ ጊዜ ቁጥር ስለሚጠይቅ፣ ማን የትኛውን ይዞ እንደነበር የማያስታውስ ራውተር ያደናግራል።

ብዙዎች የሚወስዱት መፍትሔ ፕሪንተሩ ላይ ቁጥሩን በእጅ መሙላት ነው። ይሠራል፤ ግን ራውተሩ ይህን አያውቅም። የተሞላው ቁጥር ራውተሩ ከሚያድላቸው መካከል ከሆነ ያንኑ ለሌላ ይሰጥና ሁለት ዕቃዎች በአንድ አድራሻ ይጋጫሉ። ቁጥሩን ከሚታደሉት ውጭ ማድረግ ግጭቱን ያስቀራል። ሆኖም ራውተሩ ተቀይሮ ሌላ ዓይነት ቁጥር ማደል ሲጀምር፣ ቁጥሩን የሞላው ልጅ ካልተገኘ በቀር ፕሪንተሩ የት እንደቀረ የሚያውቅ የለም።

የተሻለው መንገድ ሦስት ደረጃ ብቻ ነው። መጀመሪያ ፕሪንተሩ የኔትወርክ ሁኔታውን የሚገልጽ ገጽ እንዲያትም አድርጉና ማክ አድራሻ የሚባለውን 12 ፊደልና ቁጥር አንብቡ፤ የኬብሉና የዋይፋዩ ብዙ ጊዜ ስለሚለያዩ የምትጠቀሙበትን ውሰዱ። ቀጥሎ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለዚያ ማክ አድራሻ አንድ አይፒ አስይዙ። በመጨረሻ ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ አብሩና ኮምፒውተሮቹን በዚያ ቁጥር አገናኙ።

«አዳዲስ ፕሪንተሮች በስማቸው ይገኙ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ የስም ፍለጋ በተለምዶ ከአንድ የኔትወርክ ክፍል አይወጣም። የግቢ ኔትወርክ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሕንፃና በክፍል የተከፋፈለ ነው። የተያዘ ቁጥር ግን በክፍሎቹ መካከል መንገድ እስከተፈቀደለት ድረስ ያደርሳል።

ይህን ያህል የማነሳው ስለ ቁጥር ብቻ ብዬ አይደለም። የተማሪ ማኅበር በየዓመቱ ሰው ይቀያየርበታል። ፕሪንተሩን የሚያውቀው ወንድም ወይም እህት ሲመረቅ እውቀቱም አብሮ ይመረቃል፤ ተተኪው ስልክ እየደወለ ይለምናል ወይም ደህናውን ማሽን «ተበላሽቷል» ብሎ ጥግ ያስቀምጠዋል። የጋራ ዕቃ አማና ነው። አማናን መጠበቅ ከአቧራ መሸፈን ብቻ ሳይሆን ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ሳይቸገር እንዲጠቀምበት አድርጎ ማስረከብም ነው።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት አንድ ሰዓት መድቡ። አድራሻውን አስይዙ፤ ቁጥሩንና ማክ አድራሻውን በወረቀት ጽፋችሁ ፕሪንተሩ ላይ ለጥፉ፤ የራውተሩን የይለፍ ቃል ግን አትለጥፉ፤ እሱ ከርክክብ ሰነዱ ጋር ይቀመጥ። ራውተሩ ቢቀየር አዲሱ ኃላፊ ወረቀቱን አይቶ በአሥር ደቂቃ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ በማስረከቢያው ሳምንት የሚቀረን ወረፋ የወረቀትና የቀለም ብቻ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።