ሰላምታ የነፈግነው ጎረቤት

ባለፈው ክረምት በምኖርበት የኮንዶሚኒየም ግቢ አንዲት አዛውንት እናት አረፉ። ልጆቻቸው ከብሎኩ ሥር ድንኳን ተከሉ፣ አግዳሚ ወንበር ደረደሩ፣ ለቀስተኛውም ከያለበት መምጣት ጀመረ። አመሻሽ ላይ ታዲያ ከድንኳኑ በላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣ የልደት ዘፈን ተሰማ። ሙዚቃው ከፍ ብሏል፤ ሕፃናት ያጨበጭባሉ፤ በረንዳው ላይ ፊኛ ታስሯል። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጥነው አንገታችንን ደፍተን ዝም አልን። አንድ ሽማግሌ ብቻ «እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም።

በማግስቱ የልደቱ ቤት አባወራ ወርዶ የሟቿን ልጆች ይቅርታ ጠየቀ። ድንኳኑን ሲያይ ከሌላ ብሎክ ሠርግ የደገሰ ሰው ያለ መስሎት ነበር። እኚያን እናት ደረጃ ላይ ዘወትር ያልፋቸው እንደነበር፣ ስማቸውን ግን እንደማያውቅ፣ መታመማቸውንም እንዳልሰማ ሲናገር እውነተኛ ኀዘን ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ያን ቀን ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ ዋለ።

ይህን የማነሳው ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ «ክፉ ሰው መቼም አይጠፋም» ብለን እናልፈው ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ደግ ሰው ሆኖ ሳለ፣ እሱ ከሚኖርበት ጣሪያ ሥር ሰው ሲሞት አለማወቁ ነው። እንዴት እዚህ ደረስን? ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር የማገኘው ምክንያት አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ሰላምታ መተዋችን። መልካም ጠባይንና ማኅበራዊ ሕይወትን ለያይተን እናያቸዋለን። አንዱን የአስተዳደግ፣ ሌላውን የትርፍ ጊዜ ጉዳይ እናደርገዋለን። እድሩም፣ ቡናውም፣ መጠያየቁም የሚጀምሩት ግን በር ላይ ከሚባል «እንደምን አደሩ» ነው። እሱ ከሌለ ሌላው ሁሉ አይመጣም።

በቀደመው የአዲስ አበባ ሰፈር ሰው ከጎረቤቱ ልደበቅ ቢል እንኳ አይችልም ነበር። ግቢው የጋራ፣ የውኃ ቧንቧው የጋራ፣ ብዙ ጊዜም መጸዳጃው የጋራ ነበር። ጠዋት በሩን ከፍቶ ሰላምታ ሳይሰጥ ያለፈ ሰው «ምን ሆነ?» ይባላል። እንግዳ ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል። ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ጎህ ሳይቀድ መንደሩን ይዞራል። አልሰማሁም ማለት አይቻልም።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን በገርጂ፣ በጎተራ፣ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ቤቱ የሚሰጠው በዕጣ ስለሆነ መርካቶ ያደገው፣ ከጉለሌ የመጣውና ቄራ የኖረው አንድ ደረጃ ላይ ተገናኙ። ከጠባብ የቀበሌ ቤት ወጥቶ የራስን ቁልፍ መያዝ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ዕጣው ቤት እንጂ ጉርብትና አላደለንም። ባለዕጣው ቤቱን ያከራያል፤ ተከራዩም ኪራይ ሲጨመርበት ይለቃል። ፊት ለፊት ካለው በር የሚወጣው ሰው በየጊዜው ይለዋወጣል። በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ከካሳንቺስ በመልሶ ማልማት የተነሡ ብዙ ቤተሰቦችም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አዳዲስ መንደሮች ሄደው እንደገና ጎረቤት ለማፍራት እየጣሩ ነው። ብዙ ሰው ዛሬም እድሩን የሚከፍለው በድሮ ሰፈሩ ነው። ለዚህ ነው ለቀስተኛው ሁለት ታክሲ ይዞ ከሩቅ ሲመጣ፣ ከላይ ያለው ጎረቤት የማያውቀው።

በሕግ ካየነውማ ከድሮው ይልቅ ዛሬ ተሳስረናል። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን የሁላችን አድርጎታል፤ ማኅበር እንድናቋቁምም ይደነግጋል። አዋጅ ግን ሰውን ከሰው አያስተዋውቅም። በቅርቡ በግቢያችን የውኃ ፓምፕ ተቃጥሎ ስብሰባ ተጠራ። ከመጣው የቀረው ይበልጣል። የመጣውም እርስ በርሱ ስለማይተዋወቅ የመጀመሪያው ንግግር ጥርጣሬ ነበር፦ «ገንዘቡን ማን ይይዛል?»፣ «አንተ ማነህ?»፣ «ባለቤት ነህ ተከራይ?»። ለደግ ነገር ሳይገናኙ የቆዩ ሰዎች መጀመሪያ የተያዩት ለክርክር ሆነ። ፓምፑ ሳይሠራ ሳምንታት አለፉ፤ እናቶችም ጀሪካን ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ወጡ።

ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ነዋሪዎችም ፓምፓቸው ተበላሽቶ ነበር። እነሱ ግን መዋጮውን በጥቂት ቀን ሰብስበው አሠሩት። ከእኛ የሚበልጥ ገቢ የላቸውም። ያሏቸው አንዲት ጡረተኛ መምህርት ናቸው። እኚህ ሴት አዲስ ሰው ዕቃ ጭኖ ሲመጣ ወርደው «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ቤት ለእንቦሳ!» ይላሉ፤ የልጆቹን ስም ይጠይቃሉ፤ እሑድ እሑድ ደረጃው ሥር ቡና ያፈላሉ። ቡናውን ዛሬ አንዱ ቤት ቢያመጣ በሚቀጥለው ሌላው ያመጣል። አንድ ሌሊት በዚያ ብሎክ አንዲት ተከራይ ምጥ ሲይዛት፣ ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበር። የማንን በር ማንኳኳት እንዳለባት አላመነታችም። መኪና ያለው ጎረቤት ከእንቅልፉ ተነሥቶ አደረሳት። እኛ ብሎክ ብትሆን ኖሮ የማንን በር ታንኳኳ ነበር? ይህን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩትም።

«ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል» የሚለው የአባቶች ተረት በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ በዓይን የሚታይ እውነት ሆኗል። መሰላል፣ የግድግዳ መብሻ፣ ትልቅ የድግስ ድስት፣ ተጨማሪ ወንበር በየቤቱ ይገዛል፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚነካ ዕቃ ነው። ኑሮ በተወደደበት በዚህ ዘመን መዋዋስ የሚያስቀረው ወጪ ቀላል ነው? ልጅ ለአንድ ሰዓት የሚያይልን ሰው ማግኘትስ? ሌባ ሲገባ «ይሄ ሰው የዚህ ቤት አይደለም» ብሎ የሚያውቅ ዓይንስ? ጥበቃ ብንቀጥርም፣ ጥበቃው ብቻውን የሁሉን ፊት ሊያውቅ አይችልም። የሚተዋወቅ ደረጃ ራሱን ይጠብቃል።

ጥቅሙ በጤናም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዋ ጁሊያን ሆልት ለንስታድና ባልደረቦቿ ከ300,000 በላይ ሰዎችን የሚመለከቱ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ጥናቱ በተካሄደባቸው ዓመታት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ ከፍ ብሎ አገኙት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ ገልጿል፤ በዓመት ከ871,000 በላይ ሞት ከብቸኝነት ጋር እንደሚያያዝም ገምቷል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ለብቸኝነት ጉዳይ ሚኒስትር ሾማለች። ያደጉት አገሮች ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚፈልጉትን ነገር እኛ በእድር፣ በእቁብ፣ በጽዋ ማኅበርና በቡና ከአያቶቻችን ወርሰነዋል። ታዲያ የያዝነውን ለምን እንለቃለን?

በኑሮ መንገድም ቢሆን ትውውቅ እንጀራ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናቱ፣ ሰዎች ሥራ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያዩት ሰው መሆኑን አሳይቷል። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው። ከእኛ የራቀውን ወሬ የሚያመጣው ደረጃ ላይ ሰላም የምንለው ሰው ነው። በአዲስ አበባ ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልግም። የሚከራይ ቤት፣ ታማኝ ሞግዚት፣ ለልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት፣ ለወንድም የሚሆን ሥራ የሚገኘው «እስቲ እጠይቅልሃለሁ» በሚል ሰው በኩል ነው። ሰላምታችንን የነፈግነው ሰው ግን ምን ብሎ ይጠይቅልናል?

መልካም ጠባይ ለትልልቆችና ለባለሥልጣናት ብቻ የሚቀመጥ ነገር እንዳልሆነም ማስታወስ ያስፈልጋል። በየካፌው አስተናጋጁን በጣት ምልክት የሚጠራ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠርጋ ሳትጨርስ በጭቃ ጫማ የሚራመድ፣ የታክሲ ረዳቱን «አንተ!» ብሎ የሚያመናጭቅ ሰው አያለሁ። እሱው ሰው ቢሮ ሲገባ ለአለቃው ጎንበስ ይላል። ይህ አክብሮት ሊባል አይችልም፤ ፍርሃት ነው። የሰው አስተዳደግ የሚታየው ሊጠቅመውም ሊጎዳውም ከማይችል ሰው ጋር በሚሆንበት ጊዜ ነው። በሌላ በኩል በየታክሲ ሰልፉ ላይ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ሲመጡ ማንም ሳያዘው «እለፉ እማማ» የሚል ወጣት አሁንም አለ። ሲገባ «ሰላም ዋላችሁ» የሚል፣ ሲጠጋለት «አመሰግናለሁ» የሚል ተሳፋሪም አለ። እነሱን ባየሁ ቁጥር ነገሩ ከእጃችን እንዳልወጣ አምናለሁ።

«የድሮው ሰፈርም እኮ እንከን ነበረው» የሚሉኝ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሐሜት ነበረ። የሰው ጓዳ መግባት፣ የማያገባ ጣልቃ መግባት ነበረ። አንዱ ሠርግ ሲያልፍ ሌላው ክርስትና እየተከተለ ደመወዝ የሚጨርስ የይሉኝታ ወጪም ነበረ። ብዙ ሰው በሩን ዘግቶ መኖርን የመረጠው በእብሪት አይደለም፤ ደክሞት ነው። ከሥራ ሲገባ ይመሻል፤ ቡናና ስኳር ተወድዷል። ታዲያ እንተዋወቅ ማለት ወደዚያ እንመለስ ማለት አይደለም። ሰላምታ ወጪ የለውም። የታመመን መጠየቅ ድግስ አያስፈልገውም። የሰውን ምስጢር ሳይነኩ ደህንነቱን መጠየቅ ይቻላል፤ ጨዋነትም ይኸው ነው።

ድካም ከመተሳሰብ እንደማይከለክል የራቁን ወገኖቻችንም ያሳዩናል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እድር ያቋቋሙት፣ በሰው አገር ሞት ለብቻ የሚሸከሙት ሸክም እንዳልሆነ ስላዩ ነው። መዋጮ ሰብስበው አስከሬን ወደ አገር ቤት ይሸኛሉ፤ ሐዘንተኛውን ተራ ገብተው ያስተዛዝናሉ። በረዶና ሁለት ፈረቃ ሥራ ያልከለከላቸውን እኛን አንድ ደረጃ ይከልክለን?

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የልጆቻችን ነገር ነው። ልጅ ሰላምታን ከመጽሐፍ አይማርም። አባቱ ስልኩን እያየ ከአዛውንት ጎን ሲያልፍ ያየ ልጅ፣ ነገ በአባቱም ጎን እንደዚያው ያልፋል። እናቱ ለጥበቃው «እንደምን አመሹ» ስትል የሰማ ልጅ ግን ሰው ሁሉ ክብር እንዳለው ሳይነገረው ያውቃል። ዘንድሮ ደረጃ ላይ የምናደርገውና የማናደርገው ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ የምንኖርባትን ከተማ ይሠራታል።

እንግዲህ ከባድ ነገር አልጠይቅም። ጠዋት ስንወጣ ያገኘነውን ሰው ቀድመን ሰላም እንበል፤ ባይመልስ እንኳ በማግስቱ እንድገመው። አዲስ ጎረቤት ሲገባ በሩን አንኳኩተን እንኳን ደህና መጣህ እንበል። በመጪው በዓል አንድ የማናውቀውን ቤት ለቡና እንጥራ። የሕንፃው ማኅበር ስብሰባ ሲጠራ እንገኝ፤ ለመከራከር ብቻ ሳይሆን ለመተዋወቅም እንሂድ። ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ስልካችንን ኪሳችን እናስገባ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ጎረቤቱ የሚያውቀን ከሆነ ብቻ ነው። ከእናንተ በላይ፣ ከእናንተ በታችና ከፊት ለፊታችሁ የሚኖረውን ሰው ስም ታውቃላችሁ? የማታውቁ ከሆነ ዛሬ ማታ ጠይቁት።