ለዝንጀሮ ክላሽ?

ሮብ ገበያ ጠላ ቤት ገብታችሁ «ማሳ ለመጠበቅ የቱ ጠመንጃ ይሻላል?» በሉ፤ መልሱ አንድ ነው፦ ክላሽ!

ወገን፣ ለዝንጀሮ ክላሽ ምን ያደርጋል? በሬውን ሸጦ መሣሪያ የገዛ ገበሬ በምን ሊያርስ ነው? ካዝናው ሞልቶ ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ ጥይቱ ዝንጀሮውን ቢስት ከኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ማዶ ደግሞ እረኛ ልጅ አለ።

ለዚህ ሥራ የሚበቃው ባለ አንድ አፈሙዝ፣ ደቃቅ እርሳስ የሚበትን ቀላል ጠመንጃ ነው፤ ፍሬው ጥቂት መቶ ሜትር ሄዶ ይወድቃል። ድኩላውንማ ተዉት፤ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ አውጡ ይላል፤ እሺ። ታዲያ ገበሬው ቀላሉን ጠመንጃ በሕጋዊ መንገድ፣ በአቅሙ ከየት ይግዛ? መንግሥት ይህን ይመልስ። እስከዚያው ጅራፍ፣ ወንጭፍና ጎበዝ ውሻ ይሻላል።